የምክር ዓምድ፦ ቀኑን ይያዙ፣ ቦታውን ግን ለዋዜማው ይተዉት

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ ከባለቤቴና ከአሥር ዓመት ልጃችን ጋር እኖራለሁ። ባለፈው ፌብሩዋሪ ልጃችን ስኪ ካልተማርኩ ብሎ ስላስቸገረን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ቲኬት ቆርጠን አንድ ቅዳሜ ደርሶ መልስ ሄድን። ስንነሣ ቶኪዮ ፀሐይ ነበር። እዚያ ስንደርስ ግን ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው የላይኛው ሊፍት በንፋስ ምክንያት ቆሟል፤ ሕዝቡ በሙሉ ታች ተጠራቅሟል፤ ጫማና ስኪ ለመከራየት ብቻ ረጅም ሰልፍ ቆመን፣ ልጁ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ተመለስን። ባለቤቴ ‹ሁለተኛ አልሄድም› ብሏል። እኔ የምሠራው በፈረቃ ስለሆነ በሳምንቱ መካከል ዕረፍት አገኛለሁ፤ እሱ ግን የሚያርፈው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ትንበያውን ባየው ባየው እርስ በርሱ ይጋጭብኛል። በሚመጣው የበረዶ ወቅት ሦስት አራት ጊዜ ደርሶ መልስ ለመሄድ ብናስብ ቀኑን እንዴት እንምረጥ? መኪና ብንከራይስ ይሻላል? ከካትሱሺካ።»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ጉዞውን ያበላሸባችሁ ዕድል ሳይሆን የአወሳሰናችሁ ቅደም ተከተል ነው። ቀኑንም፣ ቦታውንም፣ ባቡሩንም ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ጊዜ ከቆረጣችሁ በኋላ የሚመጣው ትንበያ ሊያስደስታችሁ ወይም ሊያስከፋችሁ ይችላል እንጂ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። ምክሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ ፈረቃና ትምህርት ቤት በዋዜማው የሚለወጡ ነገሮች ስላልሆኑ ቀኑን አስቀድመው ይያዙ፤ ቦታውን ግን ጠባያቸው የተለያየ ሁለት አማራጮች አድርገው ይተዉትና በዋዜማው ምሽት ይወስኑ። ይህን ማድረግ የሚቻለው ቶኪዮ ካለው ከኡኤኖ ጣቢያ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ተነሥተው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚደርሱባቸው፣ የአየር ጠባያቸው ግን ለየቅል የሆነ ሁለት የስኪ አካባቢዎች ስላሉ ነው። አንደኛው በኒጋታ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ዩዛዋ ሲሆን ሁለተኛው በናጋኖ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ካሩይዛዋ ነው። (ከዚህ በታች ሰዓቱን ሁሉ በጃፓን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ባቡሩ በእኛ ሰዓት አይነሣምና።)

«ስንነሣ ቶኪዮ ፀሐይ ነበር» ያሉት ነገር ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። በብርዱ ወራት በሳይቤሪያ ላይ ከባድና ቀዝቃዛ አየር ይከማቻል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጃፓን የሚነፍሰው ደረቅ ንፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ፣ የትሱሺማ ሞቃት ሞገድ ከሚያሞቀው ውሃ እርጥበት እየጠጣ ይመጣና የሆንሹን ደሴት ለሁለት ከሚከፍሉት ተራሮች ጋር ሲጋጭ፣ ወደ ላይ ለመውጣት ስለሚገደድ የተሸከመውን ሁሉ በበረዶ መልክ ያራግፈዋል። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ቶኪዮ ሜዳ የሚወርደው አየር እርጥበቱን ጨርሶ የመጣ በመሆኑ በቶኪዮ በኩል ሰማዩ የጠራ፣ ደረቅና ብርዳም ቀን ይሆናል። ስለዚህ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ቶኪዮ ላይ ጥርት ያለ ፀሐይና ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ንፋስ ሲያዩ፣ በዚያው ሰዓት ዩዛዋ ላይ የበረዶ ማዕበል እንዳለ መጠርጠር ይገባዎታል። ሺንካንሰኑ 22 ኪሎ ሜትር ወደሚረዝመው የዳይ-ሺሚዙ ዋሻ በፀሐይ ገብቶ፣ በወዲያኛው አፍ በበረዶ ዶፍ ውስጥ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ጀማሪዎችን ያስገርማል። በዩዛዋ በኩል በመካከለኛው የብርድ ወቅት የሚያሳስበው የበረዶ ማነስ ሳይሆን ንፋስና ዝናብ ነው። ከዩዛዋ ብዙም በማትርቀው በትሱናን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የበረዶው ጥልቀት 419 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። እርግጥ ነው፣ እንደ 2019 እና 2020 መሸጋገሪያ ያለ፣ በጃፓን እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃት የነበረ የብርድ ወቅት ሲመጣ በረዶውም ይሳሳል፤ ይሁን እንጂ እንደዚያ ያለው ዓመት ገና በዲሴምበር መጨረሻ ጠባዩን ስለሚያሳይ ሳይጠበቅ አይመጣም። ስለዚህ የስኪ ቦታዎች በማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ የሚጽፉትን የበረዶ ጥልቀት አይተው አይወስኑ። ሁለት ሜትርም ሆነ ሦስት ሜትር ለአሥር ዓመት ጀማሪ ልዩነት የለውም፤ በሰከንድ አምስት ሜትርና አሥራ አምስት ሜትር በሚነፍስ ንፋስ መካከል ያለው ልዩነት ግን በመንሸራተትና በምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በመዋል መካከል ያለ ልዩነት ነው። ንፋሱ በሰከንድ ከአሥር ሜትር ሲያልፍ ጎንዶላዎች (በገመድ ላይ የሚሄዱ ዝግ ክፍሎች) እና ከፍታ ላይ ያሉ የወንበር ሊፍቶች ፍጥነታቸውን መቀነስ ይጀምራሉ፤ ወደ አሥራ አምስት ሲጠጋ ደግሞ ብዙዎቹ ይቆማሉ። የላይኛው ሲቆም ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ እናንተ ያያችሁት መጨናነቅ ግማሹ የቅዳሜ፣ ግማሹ ደግሞ የንፋሱ ሥራ ነበር።

ወደ ትንበያው ልምጣ። እርስ በርሱ የሚጋጭብዎት አንደኛው ምክንያት አብዛኞቹ የስልክ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት ታች ያለውን የከተማውን አየር እንጂ የተራራውን ጫፍ አለመሆኑ ነው። አየሩ በየ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በዩዛዋ ከተማ ሁለት ዲግሪ ሙቀትና ዝናብ የሚል ትንበያ ሲያዩ፣ ከከተማው በ800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለው መንሸራተቻ ከዜሮ በታች ሆኖ በረዶ ሊዘንብበት ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ከአምስትና ከስድስት ቀን በፊት የሚወጣ ትንበያ ሁሉ እኩል የሚታመን አለመሆኑ ነው። የጃፓን ሜትዮሮሎጂ ኤጀንሲ የሳምንቱን ትንበያ ሲያወጣ በየቀኑ አጠገብ የእምነት ደረጃውን በላቲን ፊደል ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ያስቀምጣል፤ ኤ ካለ አይለወጥም ተብሎ ይጠበቃል፣ ሲ ካለ ደግሞ ኤጀንሲው ራሱ ገና አልቆረጠም ማለት ነው። እርስዎ ሲ የተጻፈበትን ቀን ጠዋትና ማታ እየተመለከቱ ቢጨነቁ ትርፉ ድካም ብቻ ይሆናል። የዕለት ትንበያው የሚታደሰው በ5:00፣ በ11:00 እና በ17:00 ስለሆነ፣ በዋዜማው ከ17:00 በኋላ አንድ ጊዜ አይተው ይወስኑ፤ በማግስቱም የ5:00ውን አይተው ያረጋግጡ። ብዙ የስኪ ቦታዎች የትኛው ሊፍት እንደሚሠራና የትኛው እንደቆመ በማለዳ ያስታውቃሉ፤ የተራራውን ምስል በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራም አላቸው። ይህን ሁሉ ወደ ኡኤኖ እየሄዱ በባቡር ውስጥ ማየት ይቻላል።

ሦስት አራት የአየር ሁኔታዎችን መለየት ከቻሉ የቀረው ቀላል ነው፤ ለዚህም የኤጀንሲውን የአየር ግፊት ካርታ መመልከት ከምልክትና ከሥዕል ይልቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ጃፓኖች ሴይኮ-ቶቴይ የሚሉት፣ በምዕራብ ከፍተኛ በምሥራቅ ደግሞ ዝቅተኛ ግፊት የሚቀመጥበት ሁኔታ ነው። በካርታው ላይ የግፊት መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብለውና ተጠጋግተው ከተሰመሩ ንፋሱ ብርቱ ነው፣ በረዶውም በተራራው ላይ ይወርዳል፤ በዚህ ቀን ዩዛዋን ትተው ወደ ካሩይዛዋ ይሂዱ። ሁለተኛው፣ መስመሮቹ በጃፓን ባሕር ላይ ሰፋ ብለውና ታጥፈው ሲታዩ ነው፤ ያን ጊዜ ንፋሱ ረግቷል፤ በረዶው ከተራራው ይልቅ በመንደሩና በመንገዱ ላይ ይበዛል፤ ለሊፍት የተመቸ ለመኪና ግን የከፋ ቀን ነው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምመርጠው የመጀመሪያው ሁኔታ ባለፈ በማግስቱ፣ መስመሮቹ መራራቅ ሲጀምሩ ያለውን ቀን ነው፤ አዲስ በረዶ ወርዷል፣ ንፋሱ ተኝቷል፣ አንዳንዴም ፀሐይ ትወጣለች። ጠንከር ያለ ምልክት ከፈለጉ በዜና ላይ ትንበያ አቅራቢዎቹ የሚጠቅሷቸውን ሁለት ቁጥሮች ይከታተሉ፤ በ1,500 ሜትር ከፍታ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሲባል ታችም በረዶ ይሆናል፣ በ5,500 ሜትር ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ ሲባል ደግሞ ከባድ በረዶ ይጠበቃል።

ሦስተኛው ሁኔታ በጃፓን ባሕር ውስጥ ዝቅተኛ ግፊት ሲያልፍ ነው። ከፊቱ ሞቃት የደቡብ ንፋስ ስለሚልክ በጃንዋሪ እንኳ ዩዛዋ ላይ ዝናብ ሊዘንብ ይችላል፤ ያልፍና ወዲያው አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የረጠበው በረዶም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በዚያን ቀንም በማግስቱም ልጅ ይዤ አልወጣም። አራተኛው ዝቅተኛው ግፊት በደቡብ ጠረፍ በኩል ሲያልፍ የሚፈጠረው ነው። ያን ጊዜ በረዶው የሚወርደው በተቃራኒው በኩል፣ በቶኪዮና በዙሪያዋ ነው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 14 እስከ 15 ቀን 2014 በዚህ ዓይነት ማዕበል ቶኪዮ 27 ሴንቲ ሜትር፣ ካሩይዛዋ 99፣ ከቶኪዮ በስተምዕራብ ያለችው ኮፉ ደግሞ 114 ሴንቲ ሜትር በረዶ አይተዋል። እንዲህ ባለ ቀን ተራራው ምንም ያህል ቢያምር ዋናው ችግር ከቤት እስከ ኡኤኖ መድረስና ማታ መመለስ ይሆናል፤ ቶኪዮ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በረዶ ባቡሮችን ለማዘግየት ይበቃልና ቤት መዋል ይሻላል።

ካሩይዛዋን ሳነሣ እንዳላሳስትዎ እፈራለሁ። ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ብርዳም ነገር ግን የተፈጥሮ በረዶ የሚያንሰው አካባቢ ስለሆነ፣ መንሸራተቻው በአብዛኛው በማሽን በሚሠራ በረዶ የሚሸፈን ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ የሚከፈተውም በዚሁ ማሽን ምክንያት ነው። መስመሮቹ አጫጭር ናቸው፣ በረዶውም ጠጠር ይላል፤ ስኪ የሚችል ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይሰለቸዋል። ለልጅዎ ግን ፀሐይ እያየ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መቆምና መዞር የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ቅርብ ቦታ አላውቅም። የሚሄዱት ሆኩሪኩ ሺንካንሰን ላይ አሳማ ወይም ሃኩታካ በሚባሉት ባቡሮች ነው (የመጀመሪያው ስም የአካባቢው እሳተ ገሞራ ስም ነው፤ ልጅዎ ሲስቅ ግን ይታየኛል)። ካጋያኪ የሚባለው ካሩይዛዋ ስለማይቆም በስሕተት እንዳይሳፈሩ።

በዩዛዋ በኩል ብዙ ሰው የሚያውቀው ጋላ ዩዛዋን ነው። የሺንካንሰኑ ጣቢያ ከስኪ ማዕከሉ ጋር አንድ ሕንፃ ስለሆነ ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ወደ ኪራዩ መግባት ይቻላል። ምቾቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምንም ሳያቅድ የመጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ደግሞም የጀማሪዎቹ ቦታ የሚገኘው በጎንዶላ ከተወጣ በኋላ በመሆኑ ጠዋት ለመውጣት፣ ከሰዓት በኋላም ለመውረድ ወረፋ አለ። በሥራ ቀን ከሆነ ይሂዱበት። በእሑድ ግን አንድ ጣቢያ ቀድሞ ኤቺጎ-ዩዛዋ ላይ መውረድና ሰፊና ለስላሳ ተዳፋት ወዳለው ኢዋፓራ ወይም ወደ ዩዛዋ ናካዛቶ በነጻ የማመላለሻ አውቶቡስ መሄድን እመርጣለሁ። ናካዛቶ ላይ ያረጁ የባቡር ፉርጎዎች በተራራው ግርጌ ተደርድረው ማረፊያ ሆነዋል፤ ባቡር የሚወድ ልጅ ካለዎት ስኪውን ሊረሳው ይችላል። በዚያው አካባቢ ያለው ካጉራ የሚባለው የስኪ ቦታ ከሌሎቹ ከፍ ያለና በረዶው እስከ ሜይ የሚቆይ ስለሆነ ለኤፕሪል ያስቀምጡት። በናጋኖ ያሉትን የስኪ ቦታዎች ሃኩባንና ኖዛዋ ኦንሰንን ብዙ ሰው ያወድስልዎታል፤ ትክክልም ናቸው፤ ነገር ግን ከናጋኖ ወይም ከኢያማ ጣቢያ በኋላ ገና አውቶቡስ ስላለ፣ ከልጅ ጋር በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ መንገድ ላይ መዋል ነው። አንድ ሌሊት ማደር ስትችሉ አስቡባቸው።

አሁን ስለ ሕዝቡ። ከአየሩ ይልቅ የሕዝቡን ብዛት መተንበይ ይቀላል፤ ምክንያቱም የበዓላቱ ሰሌዳ አስቀድሞ ታትሟል። ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3፣ የጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ የሚያስረዝመው የሦስት ቀን ዕረፍት፣ ፌብሩዋሪ 11፣ ፌብሩዋሪ 23፣ እንዲሁም በማርች 20 ወይም 21 የሚውለው የቀንና የሌሊት እኩልነት በዓል፣ እነዚህን ከነአካባቢያቸው ከሰሌዳዎ ላይ ይሰርዟቸው። የቻይናውያን አዲስ ዓመት በየዓመቱ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ገደማ ስለሚዘዋወር የዚያን ዓመት ቀን ያረጋግጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ፣ የፌብሩዋሪ ረቡዕ የጃንዋሪን ረቡዕ ያህል ባዶ አይደለም፤ ይሁንና ከማንኛውም ቅዳሜ ይሻላል።

ለእናንተ ቤት የተለየ ጠቀሜታ ያለው አንድ ክፍተት አለ። ጃፓን ከጃንዋሪ 4 ጀምሮ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ የቶኪዮ ሕዝባዊ ትምህርት ቤቶች ግን በአብዛኛው እስከ 7 ድረስ ዝግ ናቸው። በዚህ መካከል ያሉት የሥራ ቀናት ልጁ ዕረፍት ላይ ያለበት፣ ተራራው ግን የሠራተኛው ጎርፍ የቀነሰበት ጊዜ ናቸው። ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ስለሆነ በዚያን ቀን ተራራ ይውጡ አልልም፤ ሌሊቱን ቅዳሴ ለቆመ ሰው የማለዳ ባቡር አይታሰብም። 4፣ 5 እና 6 ግን በጾሙ መጨረሻም ቢሆን ለዚህ ጉዳይ የተመቹ ናቸው። ሌላው ክፍተት ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ዝግጅት አድርጎ በምትኩ ሰኞን ሲዘጋ የሚገኘው ነው። የዓመቱን ሰሌዳ ከልጁ ቦርሳ አውጥተው እንዲህ ያለ ሰኞ በጃንዋሪ ወይም በማርች ካለ አሁኑኑ ፈረቃዎን ያስተካክሉ።

ባለቤትዎ የሚያርፉት በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ከሆነ ቅዳሜን ትተው እሑድን ይያዙ። ቅዳሜ ለማደር የመጣውና ለቀን የመጣው ሰው ይደራረባል፤ እሑድ ግን አዳሪዎቹ ከቀትር በኋላ ዕቃቸውን ሸክፈው ስለሚወርዱ ከ13:30 በኋላ ያለው ሰዓት አንዳንዴ የሥራ ቀን ይመስላል። የእሑዱ ጣጣ መመለሻው ላይ ነው። ከ16:00 እስከ 19:00 ባሉት ሰዓታት ወደ ቶኪዮ የሚመለሱት ባቡሮች ይሞላሉ፤ ስለዚህ ወይ 15:00 ላይ ተነሡ፣ ወይም ፍልውሃ ገብታችሁ ራት በልታችሁ ዘግይታችሁ ተመለሱ። ለመመለሻው ብቻ የተያዘ ወንበር መግዛት ተገቢ ነው፤ መደበኛ የተያዘ ወንበር ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ ወደ ሌላ ባቡር ይቀየራል፤ በቅናሽ የተሸጠው ግን እንዲህ ያለ መብት ላይኖረው ይችላል። ለመሄጃው ወንበር ያልተያዘለትን ክፍል ይጠቀሙ፤ ወደ ዩዛዋ በሚሄዱት ቶኪና ታኒጋዋ በሚባሉት ባቡሮችም፣ ወደ ካሩይዛዋ በሚሄደው አሳማም ላይ አለ፤ ቦታውን በዋዜማው መቀየር የሚያስችልዎትም እሱ ነው። የሊፍት ቲኬትን አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቀን የተጻፈበት መሆኑንና ሊፍቱ በንፋስ ቢቆም ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ ሳያነቡ አይክፈሉ። ትንሿ ቅናሽ በመጥፎ ቀን በግድ ታስወጣችኋለች።

የቀኑ አያያዝም ግማሽ መፍትሔ ነው። ሊፍቶቹ በ8:00 ወይም በ8:30 ሲጀምሩ፣ የኪራዩ ሰልፍ የሚበረታው ከ9:00 እስከ 10:30 ነው፤ ስለዚህ 6:00 አልፎ በሚነሡት የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ሄዶ ከሰልፉ መቅደም ይቻላል። ኪራዩን በዋዜማው በኢንተርኔት ማስያዝ፣ የእግርን መጠን በሴንቲ ሜትር፣ ቁመትና ክብደትንም ጽፎ መያዝ፣ ልብሱን ቤት ለብሶ መውጣት ብዙ ደቂቃ ያተርፋል። ምሳ በ11:00 ብሉ፤ 12:00 ላይ ሌላው ሰው ሰልፍ ሲቆም እናንተ ባዶ ሊፍት ላይ ትሆናላችሁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን የተራራ ምግብ ቤቶችን አትመኩባቸው። ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ ብዙውን ጊዜ በአሳማ አጥንት መረቅ የተሠራ ነው፣ ካሪው ሥጋ አለበት፣ ሶባ የሚባለው ኑድል መረቅም ብዙውን ጊዜ ከዓሣ ይወጣል። ዐቢይ ጾም ከፌብሩዋሪና ከማርች ጋር ስለሚገጥም ምግብ ከቤት ይያዙ፤ ከውጭ የመጣ ምግብ የሚበላበትን ክፍል ደግሞ ሲገቡ ይጠይቁ። ኪስ ውስጥ ቆሎ ካለ ሊፍት ላይም ይበላል።

ልጁን አስተማሪ ጋር ለማስገባት ካሰባችሁ፣ ትምህርቱ ቀንና ቦታ ስለሚያስር ከላይ ያልኩትን ነፃነት ይወስድባችኋል። ስለዚህ ትምህርቱን ለሥራ ቀን አስቀምጡት፤ በዚያን ቀን የሕዝቡን ነገር ካስወገዳችሁ የአየሩን ነገር ብቻ ትጋፈጣላችሁ። ለዚህም ቢሆን ካሩይዛዋን እመክራለሁ። የዩዛዋ በረዶ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ከባድና እርጥብ በመሆኑ ጓንት በሁለት ሰዓት ውስጥ ያርሳል፤ ሁለተኛ ጥንድ ጓንት ይያዙለት። ማርች ላይ ደግሞ ሌሊት የቀዘቀዘው በረዶ ጠዋት ይጠጥራል፣ ከቀትር በኋላም እንደ ገንፎ ይሆናል፤ በዚያ ወር ለጀማሪ የሚመቸው ከ10:00 እስከ 13:00 ገደማ ያለው ሰዓት ስለሆነ የመጀመሪያውን ባቡር መሮጥ አያስፈልግም።

መኪናን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው፤ አይከራዩ። በረዶ የሚበዛበት ቀን ለተራራው መልካም የሆነውን ያህል ለመንገዱ ክፉ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ወደ ዩዛዋ በሚወስደው የካን-ኤትሱ ፈጣን መንገድ ላይ ከ2,000 በላይ ተሽከርካሪዎች በበረዶ ተይዘው ሌሊቱን መንገድ ላይ አድረዋል። እንዲህ ያለው በየዓመቱ የሚደርስ ባይሆንም፣ የእሑድ ማታው የመንገድ መጨናነቅ ግን በየሳምንቱ አለ፤ በበረዶ ላይ መንዳት ያልለመደ ሰው ከልጁ ጋር የሚማርበት ቦታ ይህ አይደለም።

ከመኪናው ኪራይ ይልቅ ጄአር ቶኪዮ ዋይድ ፓስ የሚባለውን ቲኬት ይመልከቱ። ለ3 ተከታታይ ቀናት የሚሠራ ሲሆን የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው፣ ጃፓን ነዋሪ ቢሆንም እንኳ፣ ሊገዛው ይችላል፤ ዩዛዋንም ካሩይዛዋንም ያካትታል። ዋጋው ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚጨምር ሁለት ደርሶ መልስ ከሚያስወጣው ጋር ያነጻጽሩት። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ላያዋጣ ይችላል፤ ልጁ ዕረፍት ላይ ባለበት በጃንዋሪ 4፣ 5 እና 6 ከሦስቱ ቀናት ሁለቱን የምትወጡ ከሆነ ግን አየሩ ቀና ወደሆነበት አቅጣጫ፣ አንዱን ቀን ወደዚህ ሌላውን ወደዚያ እያሉ ለመጠቀም የሚመች ቲኬት ነው።

በዚህ መሠረት የመጀመሪያውን ጉዞ እርስዎና ልጅዎ ብቻችሁን በጃንዋሪ የሥራ ቀን አድርጉት፤ ባለቤትዎን አይጎትቷቸው። ሁለተኛውን ግን በጃንዋሪ መጨረሻ እሑድ፣ ሴይኮ-ቶቴይው በበረታበትና ቶኪዮ በጠራችበት ቀን ካሩይዛዋ ያድርጉትና እሳቸውንም ይውሰዱ። ከጣቢያው ደቡባዊ በር እስከ መንሸራተቻው ባለው ቦታ ትልቅ የገበያ ማዕከል አለ፤ ስኪ ላይ ባይወጡ እንኳ ቡና ይዘው፣ ልጃቸው ሲወድቅና ሲነሣ ከታች ቆመው ማየት ይችላሉ፤ ሰልፉ ከሰለቻቸውም ቀጣዩን አሳማ ይዘው ቀድመው ቤት ይገባሉ።